የሆለታ ባለሱቅ

እሷ፦ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንሄድ ሆለታን እናገኛለን፤ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሰልጣኝነት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ። መንግሥቱ ኃይለማርያምም የተመረቀው ከዚያው ነው።

እሱ፦ ታሪኩ ይቆየንና ወደ ገበያው እንግባ። ካምፕ አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ኑሮው ከወታደሩ ደመወዝ ጋር ነው። ወሩ ሲጋመስ የዱቤ ደብተሩ ይሞላል፦ ሳሙና፣ ብስኩት፣ የሞባይል ካርድ። ስም እንኳ በማዕረግ ነው የሚጻፈው፤ «አሥር አለቃ፣ ቀጭኑ»።

እሷ፦ (እየሳቀች) ቀጭኑ ድንገት ግዳጅ ቢወጣስ?

እሱ፦ ጣጣው እሱ ነዋ! የጦር እንቅስቃሴ ለባለሱቅ አይነገርም፤ መነገርም የለበትም። ሌሊት መኪኖቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጠዋት ዳቦው መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

እሷ፦ ኧረ ካለበት ሆኖ በሰው ልኮ የሚከፍልም ሞልቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ የቤት ኪራዩ ነው። መኮንኑ አያቅተውም ተብሎ ሲጨመር፣ አስተማሪዋም በዚያው ዋጋ ትጠየቃለች።

እሱ፦ አከራዩስ? ጦሩ ሲዛወር ባዶ ክፍል ታቅፎ ይቀራል።

እሷ፦ ለሆለታ ብዙም አልሰጋም፤ ወተትና ቅቤ አላት፣ የግብርና ምርምር ማዕከልም አላት። የምሰጋው ከካምፑ ሌላ ገዢ ለሌላቸው ከተሞች ነው።