የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ይቀመጥ?



ዛሬ የሚመረቀው የቀበሌያችን አዳራሽ የቆመው በአሮጌው አዳራሽ ቦታ ላይ ነው። የአሮጌው ዓይነት አዳራሽ በገጠሩ የተስፋፋው ከመሬት ዐዋጁ ወዲህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ፣ ገበሬው ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ ማኅበር እንዲያቋቁም ደነገገ። ማኅበሩ መሬት ያከፋፍል ነበር፣ የፍርድ ሸንጎም ነበረው። ይህን ሁሉ ዋርካ ሥር መጨረስ የሚቻለው ዝናብ እስኪመጣ ነበር። ስለዚህ ባህር ዛፍ ተቆረጠ፣ ጭቃ ተረገጠ፣ ቆርቆሮ ተመታ።

የአዳራሹ ሥራ ብዙም ሳይቆይ በዛ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ በየገጠሩ ሸንጎ ያስቻለበት አግዳሚ ላይ ጎልማሶች ፊደል ቆጠሩ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ እዚህ ተቀምጠው ይሆናል።

ያው አግዳሚ ለመንግሥት የሚቀርብ የእህል ኮታ ሲደለደልም አይቷል። የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ደግሞ ማኅበራቱ ወጣት እንዲያቀርቡ ታዘዙ። እናቶች ስብሰባ ሲጠራ ልጆቻቸውን መደበቅ ጀመሩ።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በብዙ አካባቢ የማኅበርና የኅብረት ሥራ ንብረት ተዘረፈ፤ በርና ቆርቆሮ ሳይቀር ተነቀለ። ዘረፋ መቼም ዘረፋ ነው። ቢሆንም የዕድሩን ድንኳንና ድስት የእኔ ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ፣ ሲፈራው የኖረውን ቤት ለመጠበቅ ዱላ ይዞ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው።

የተረፈውን ምስጥና ዝናብ ጨረሱት። የጭቃ ቤት ምሰሶው መሬት ውስጥ ስለሚተከል ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ ከጣሪያው ጫፍ የሚወርደው ውኃም እየተፈናጠረ ምርጉን ከታች ያጥበዋል። አዲሱ በድንጋይ መሠረት ከፍ ብሎ በብሎኬት ተሠርቷል፣ አሸንዳም አለው። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ግን ብሎኬቱም መርጠቡ አይቀርም።

እንግዲህ አዲሱን ነዋሪው የእኔ ብሎ እንዲጠብቀው፣ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ የአዳራሹ ኮሚቴ ይህን ይወስን፦ ቁልፉ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍ። ዕድሩ፣ የሴቶች ማኅበሩና ወጣቶቹ በየተራ ይያዙት። ከሠርግ ኪራይ ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ የመጀመሪያው ሒሳብም ከመጪው ክረምት በፊት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ በነዋሪው ፊት ይነበብ።