ቀስተ ደመናን በፎቶግራፍ ስለ መያዝ



ሕዝባችን «የማርያም መቀነት» የሚለው ቀስተ ደመና ለዓይን ደምቆ ሳለ በፎቶግራፍ የሚገረጣው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው ሳይሆን ከአቋቋማችን ነው።

ፀሐይን ከኋላችን ስናደርግ፣ ቀስቱ የጭንቅላታችን ጥላ ከሚያመለክተው አቅጣጫ 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ይታያል። ስለዚህ ፀሐይ ከዚህ በላይ ከፍ ስትል በሜዳ ላይ አይገኝም፤ በጢስ ዓባይ ግን ቁልቁል የፏፏቴውን ጉም በመመልከት ልናገኘው እንችላለን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቅስቱ ወርድ 84 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን፣ በ35 ሚሊሜትር ካሜራ ሙሉውን ለመያዝ 20 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ሌንስ ያሻል። ይህ ከሌለ አንዱን እግሩን ብቻ ከዛፍ ወይም ከጎጆ ጋር አጣምሮ፣ ከበስተኋላው ጥቁር ደመና ማድረግ ይበጃል። የፖላራይዝ ማጣሪያ በአንድ ወገን ሲዞር ቀለሙን ያጎላል፤ ከዚያ ሩብ ዙር ሲጨመርበት ግን ቀስቱን ያጠፋዋል።

በኮምፒዩተር ስናርም ብርሃኑን ጥቂት መቀነስና ንፅፅሩን በመጠኑ ማሳደግ ይበቃል። ከቀስቱ በታች ያለው ሰማይ ከበላዩ ይልቅ የሚደምቀው በተፈጥሮው ነው። እኔ ይህን ጉድለት መስሎኝ አንድ ጊዜ አስተካከልሁት፤ ቀለሙንም አበዛሁበት። ያዩት ሁሉ «ሥዕል ነው» አሉኝ። የለካነውን መጠን በወረቀት ላይ እንደማንለውጥ ሁሉ፣ ያየነውንም ብርሃን እንዳየነው እናቆየው።