ስለ ዱር ዘማሪ ወፎችና ስለ ስማቸው



የተሰበሰብንበት ይህ የጁባ ሰፈር ሃይ ማላካል ይባላል። «ሃይ» በዐረብኛ ሰፈር ማለት ነው፤ ማላካል ግን ከዚህ በስተ ሰሜን በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኝ ሌላ ከተማ ናት። ሰው ከቦታ ወደ ቦታ ሲሻገር ስምን ይዞ ይሻገራል። ዛሬ የምናገርበት የትንንሾቹ የዱር ዘማሪ ወፎች ነገርም እንዲሁ ያለ የስም ነገር ነው።

እንግሊዞች በአገራቸው በቅጠል ውስጥ ተሠውረው የሚያዜሙትን ትንንሽ ወፎች «ዋርብለር» ይሏቸዋል፤ ድምፁን እያንቀጠቀጠ የሚያዜም ማለት ነው። ወደ አሜሪካ የተሻገሩትም በዚያ ያገኟቸውን ትንንሽ ወፎች በዚያው ስም ጠሯቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች አይደሉም። በዘመናችን የዘር ምርመራ ሲደረግም የአሮጌው ዓለም ዋርብለሮች ራሳቸው በብዙ ቤተ ሰብ የሚከፈሉ ሆነው ተገኙ። ስሙ አንድ፥ ባለ ስሞቹ ግን ብዙ ናቸው።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስንመለስ፥ የግዕዙ «ዖፍ» ዘመድ የሆነው «ወፍ» ሁሉን ያቅፋል። ከዚያ ወዲያ ገበሬያችን አጥብቆ የለየው የሚጎዳውንና የሚጠቅመውን ነው። ጫጩት ነጣቂውን ጭልፊት፥ ለወጥ የሚሆኑትን ቆቅና ጅግራ፥ ማሽላውን በመንጋ የሚያወድመውን ግሪሳ ብሎታል። የቀረውን ትንሽ ሁሉ ድንቢጥ ብሎ ያልፈዋል። እህል የማይነካው፥ ከቅጠል ላይ ትል እየለቀመ ዛፉን የሚጠብቀው ዘማሪ ግን ብዙውን ጊዜ «ወፍ» ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ለዚህ አንዲት ምስክር ልጥራ። በመናገሻ ሱባና በባሌ ዲንሾ፥ በጥድና በኮሶ መካከል የምትኖር፥ ግንባርዋ ነጣ ያለ፥ ከጅራቷ ሥር ቀላ ያለች ግራጫ ወፍ አለች። ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የላትም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. በሳይንስ መዝገብ ስትገባ የተሰጣት ስም በዚያው ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ የተጓዘው የፈረንሳይ መኮንን የጋሊኒዬ ስም ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ «የሐበሻ ድመት ወፍ» ትባላለች። እንደ ድመት የምትጮኸው ግራጫ ወፍ በአሜሪካ ትገኛለች፤ የእኛይቱ በመልክ ብትመስላትም ዝምድናዋ ከዋርብለሮቹ ወገን ነው። እንግዲህ የገዛ አገራችን ወፍ የሚያውቃት ዓለም የሚጠራት በባዕድ መኮንንና በባዕድ ወፍ ስም ነው።

በዚህች ከተማም በማንጎውና በኒሙ ዛፍ ላይ ቡልቡል ታዜማለች። ክብደቷ 10 ግራም ያህል የሆነች የአውሮፓ ዋርብለርም ሰሐራን አቋርጣ በየዓመቱ በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን ሰማይ ታልፋለች። እዚህ የሚያድጉት ልጆቻችን በዐረብኛ «ዐስፉር»፥ በእንግሊዝኛ «በርድ»፥ በአማርኛ «ወፍ» ማለትን ይማራሉ። ሦስት ቋንቋ አወቁ፤ ወፊቱን ግን አላወቋትም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የባዕዱን ስም ቃል በቃል ለመተርጐም አንቸኩል፤ «የድመት ወፍ» ብንል የሌላውን ስሕተት በገዛ ቋንቋችን ማጽናት ይሆናል። ሁለተኛ፥ ተማሪው የወፉን መልክ፥ አፍ፥ ምግብና ዜማ አይቶና ሰምቶ ይጻፍ፤ አባት እናቱን፥ አያቶቹንም በትውልድ መንደራቸው ምን ይሉት እንደ ነበር ይጠይቅ፤ የተገኘውም ስም ከነአገሩ ይመዝገብ። ሦስተኛ፥ ስም ካልተገኘ ከወፉ ከራሱ ጠባይ ስም ይውጣለት።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የደጋው ጥድ እየተቈረጠ ነው፤ ጥዱ ሲወድቅ ወፉም ቤቱን ያጣል። ስሙን የማያውቁት ጎረቤት ቢጠፋ የሚፈልገው የለም። ልጆቻችን ስሙን ይወቁ፤ ያን ጊዜ ዝም ያለ እንደ ሆነ የት ሄደ ብለው ይጠይቃሉ።