እንግዳችን ምን ትበላለች?

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



እዚህ የምቆመው ብዙ ጊዜ የቁጠባና የብድር ሪፖርት ላቀርብ ነው። ዛሬ ግን ስለ ድስት እንድናገር ፍቀዱልኝ። ነገሩ ከሒሳብ የራቀ አይደለም። ለበዓል ሁላችንም እኩል እናዋጣለን፤ ከማዕዱ ግን እኩል አንበላም። በግ ታርዶ፣ ዶሮ ተሠርቶ፣ አንዷ እህታችን ለስላሳ ብቻ ጠጥታ ትሄዳለች። ውሎ አድሮ መዋጮዋን በሰው ትልካለች እንጂ ራሷ አትመጣም። ከመካከላችን የራቀች ሴት ደግሞ ብድር ሳትጠይቅ፣ ችግሯንም ሳትናገር ትቀራለች። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በአካባቢያችን ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ አጥር ለአጥር ነው የሚኖረው። በዓላችንና ጾማችንም ይገናኛል። በ2016 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ሲውል ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዒዱ መጋቢት 21፣ ፋሲካው ሚያዝያ 12 ዋለ። ሁለቱም ዒዶች የዋሉት ሁዳዴ ሳይፈታ ነው። እንቁጣጣሽና መስቀልም ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋሉ ኦርቶዶክሷ ትጾማለች፤ ገናና ጥምቀት ግን በእነዚያ ቀናት ቢውሉም ይበላባቸዋል።

ለጾመኛ እንግዳ «ሽሮ አለ» ማለት አይበቃም። ቅቤ የነካው ማማሰያ ከገባበት ሽሮው የጾም መሆኑ ቀረ። የጾሙን ወጥ አስቀድማችሁ ሥሩ፤ የፍስኩ ይከተል። በዓል ነውና መዓዛም ይኑረው። እኛ የኮረሪማና የጥምዝ አገር ሰዎች ነን፤ ለቅቤ የምናወጣውን ኮረሪማ ለዘይቱ አንንፈገው። ጎደሬና ቦዬ ተቀቅሎ ከዳጣ ጋር ሲቀርብም ማንም አያፍርበትም። ዓሣ የሚበላ ጾመኛ አለ፤ የማይበላም አለ፤ ጠይቁ።

የሥጋው ጉዳይ በቅመም አይፈታም። ለሙስሊም እንግዳ ዋናው ነገር ማን አረደው፣ በምን ድስት ተሠራ የሚለው ነው። ለብዙ ኦርቶዶክሶችም እንዲሁ። እናቶቻችን መላውን ያውቁታል፦ ዶሮው ከነነፍሱ ለጎረቤት ይሰጣል፤ በእነርሱ ቤት ታርዶ፣ በእነርሱ ድስት ተሠርቶ ይመጣል። መጠጥም እንዲሁ ይታሰብበት። ጠላና ጠጅ ለማይጠጡ ብርዝ ጥሩ ነው፤ ግን የዕለቱ ይሁን፤ ካደረ ይፈላል።

ስኳር በሽታ ላለባት ግን ብርዙም ለስላሳውም አይሆንም። ጎደሬውም ቢሆን እንደ እንጀራው በልክ ነው፤ ጎመኑን አብዙላት። ኢንሱሊን የምትወጋ ከሆነ ምግቧ ሰዓቱን ሊያልፍ አይገባም። ዳቦው እስኪቆረስ፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ ብለን ብናስጠብቃት ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። ቀድማ ብትበላ ነውር እንዳልሆነ እኛው እንንገራት፤ ራሷ እስክትጠይቅ አንጠብቅ።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ፊት ብቻውን አያጠግብም። ስለዚህ ሦስት ነገር ለውሳኔ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በበዓል መዋጮ መዝገባችን ከስምና ከገንዘብ ቀጥሎ «የምትበላው» የሚል አንድ ዓምድ እንጨምር። መዋጮ ስትሰበስቡ አብራችሁ ጠይቁ፤ ሃይማኖቷን ሳይሆን ምግቧን።

ሁለተኛ፣ ለጾም ምግብ ብቻ የሚሆን ድስት፣ ቢላዋና ማማሰያ ገዝተን እጀታቸው ላይ ክር እንሰር። አንድ ጊዜ ገዝተን በቋሚ ንብረት መዝገብ እናስገባቸዋለን፤ ለብዙ ዓመት ያገለግሉናል።

ሦስተኛ፣ የሥጋው በጀት ለሁለት ይከፈልና ሙስሊም እህቶቻችን ድርሻቸውን ራሳቸው ያሳርዱ፣ ራሳቸው ይሥሩ። ወጪው በአንድ ደረሰኝ ማሰሪያ ይወራረዳል፤ ለእኔም አይከብደኝም።

ከሚቀጥለው በዓል በፊት ድምፅ እንድትሰጡበት እጠይቃለሁ።