ሕመም በግራም ሲመዘን



በአሜሪካ የጤና መድን ውስጥ የጡት ቀዶ ሕክምና እንደ ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ዕጣ ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 የጸደቀው የሴቶች ጤናና የካንሰር መብቶች ሕግ፣ ጡት በቀዶ ሕክምና ሲወገድ የሚከፍሉ የአሠሪና የግል መድኖች ጡቱን መልሶ የመሥራቱንም ሂደት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲሸፍኑ ያዛል፤ ሰው ሠራሽ ጡትና ተከትሎ የሚመጣው የክንድ እብጠት ሕክምናም አይቀሩም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሕጉ ሁለቱ ጡቶች እንዲመጣጠኑ ጤነኛውን መቀነስ ሳይቀር ማካተቱ ነው። ይህ ትክክል ነው፤ አካልን ወደ ሚዛኑ መመለስ የሕክምናው አካል መሆኑን ሕግ አውጪው ተረድቷል።

ይሁንና ካንሰር የሌለባት፣ የጡቷ ክብደት ግን አንገቷንና ጀርባዋን የሚያሳምማት ሴት እንዲህ ያለ የፌዴራል ሕግ ከጎኗ የላትም። ብዙ ኩባንያዎች ጥያቄዋን የሚዳኙት እ.ኤ.አ. በ1991 ዶክተር ፖል ሽነር ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ሠንጠረዥ ነው። ከቁመትና ከክብደት ተሰልቶ የገላዋ ስፋት 1.70 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ጡት የሚወጣው 370 ግራም መድረስ አለበት፤ 1.80 ከሆነ 441 ግራም። ሐኪሙ 350 ግራም ብቻ ይወጣል ብሎ ከገመተ፣ የጡት ማስያዣው ማንገቻ ትከሻዋን ቢሰረጉደው፣ ከጡቷ ሥር ያለው ቆዳ በሽፍታ ቢቆስልም፣ «ለውበት ነው» የሚል ደብዳቤ ሊደርሳት ይችላል። ሠንጠረዡ የተሠራው ከቀዶ ሐኪሞች ግምት ነው፤ ሕመምን አልለካም።

«በሩ ከተከፈተ ውበት ፈላጊው ሁሉ ይገባል፣ ዓረቦንም ይንራል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ መድን የጋራ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ማጣሪያው የሐኪም ምርመራና በጊዜ የተመዘገበ የሕመም ታሪክ ሊሆን ይችላል። ግራም ግን ሕመምተኛዋን ከውበት ፈላጊዋ አይለይም። «መጀመሪያ ትክሳ፣ ደህና ጡት ማስያዣ ትግዛ» ለሚሉትም መልስ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የዶክተር ካሮሊን ኬሪጋንና የባልደረቦቿ ጥናት፣ ክብደት መቀነስም ሆነ ልዩ ጡት ማስያዣ ዘላቂ እፎይታ እንዳልሰጡ፣ ቀዶ ሕክምናው ግን እንደሰጠ አሳይቷል።

ሕጉና አሠራሩ ጎን ለጎን ሲታዩ ግጭታቸው ግልጽ ነው፦ ጤነኛ ጡት ለመመጣጠን ሲቀነስ ይከፈላል፣ የሚያሳምም ጡት ከሕመም ለመገላገል ሲቀነስ ግን ይመዘናል። ደንቡ እስኪስተካከል፣ ጥያቄዋ ውድቅ የሆነባት ሴት መብቷን ትወቅ፤ በ180 ቀናት ውስጥ ለኩባንያው ይግባኝ ማለት፣ ያም ካልሆነ ከኩባንያው ውጭ ባለ ገለልተኛ አካል እንዲታይላት መጠየቅ ትችላለች። የግራሙ ቁጥር ለቀዶ ሐኪሙ የሥራ መረጃ ይሁን፤ ሽፋኑ ግን በሕመሙ ይወሰን።