መለሎዋ የግንባር ጡንቻ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



«ፕሮሴሩስ» የላቲን ቅጽል ነው፤ ትርጓሜውም ረዥምና ቀጥ ያለ፣ በአማርኛ መለሎ ማለት ነው። የደጋው ጽድ በሳይንስ ስሙ «ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ» የተባለው በዚሁ ቃል ነው፤ ዛፍ በላቲን በአንስታይ ጾታ ስለሚነገር ቅጽሉ መድረሻውን ለወጠ። በሰው ፊት ላይ ግን ቃሉ ያረፈው ከአፍንጫ አጥንት ተነሥታ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ካለው ቆዳ በምትገባ ትንሽ ጡንቻ ላይ ነው። «ጡንቻ» የሚለው ስም ቀርቶ ቅጽሉ ብቻውን መጠሪያ ሆነ።

መጠሪያው ቅርጿን እንጂ ሥራዋን አይናገርም። ሥራዋን የሚናገረው አማርኛ ነው። ጡንቻዋ በቅንድቦቹ መካከል ያለውን ቆዳ ወደ ታች ስባ በአፍንጫ ሥር አግድም መሥመር ስታወጣ ሕዝቡ «ፊቱን ቋጠረ» ይላል፤ ስትለቅም «ፊቱ ተፈታ» ይባላል።

ነገሩ ከቋንቋ አልፎ ከሕክምና የሚደርሰው የፊት ሽባነት በሚመረመርበት ጊዜ ነው። የፊት ነርቭ ራሱ ሲጎዳ የፊቱ ግማሽ ከግንባር እስከ አገጭ ይዝላል። ጉዳቱ በአንጎል ውስጥ ሲሆን ግን ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ወገን ትእዛዝ ስለሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ይህን የሚለየው ቅንድብን ወደ ላይ የሚያነሣው ሰፊው የግንባር ጡንቻ ነው።

በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የሕክምና ተማሪ የጡንቻዎቹን ስም በላቲንና በእንግሊዝኛ ያጠናል፤ የሚመረምረው ሰው ግን አማርኛ ወይም ጉራጊኛ ተናጋሪ ነው። ተማሪው «ግንባርዎን ይቋጥሩ» ቢል ታማሚው የታዘዘውን በትክክል ፈጽሞ ቅንድቡን ወደ ታች ይሰበስባል። በዚህ ጊዜ የተፈተኑት መለሎዋና ጎረቤቶቿ ናቸው፤ የተፈለገው ጡንቻ ሳይታይ ይቀራል። ትክክለኛው ትእዛዝ «ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሡ» ነው።

የነዋሪውን ቋንቋና ዕውቀት መያዝ እንደሚጠቅም ቡታጅራ ከዚህ ቀደም አሳይታለች። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ አካባቢ በተካሄደው የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት 68,378 ሰዎች በቤት ለቤት መጠይቅ ሲዳሰሱ፣ ሠፈራቸውን የሚያውቁ ነዋሪዎችም ሕመምተኞችን በመጠቆም ረድተዋል።

ስለዚህ የአካል ጥናት መምህራን ከእያንዳንዱ የላቲን ስም ጎን ታማሚው የሚታዘዝበትን የአማርኛ ግሥ ቢያስቀምጡ፣ ጉራጊኛውንም ከተናጋሪዎቹ ጋር ቢያረጋግጡ መልካም ነው። የላቲኑ ስም ሐኪምን ከሐኪም ያግባባል፤ ምርመራው የሚሠምረው ግን ታማሚው የተባለውን ሲረዳ ነው።