ስለ አምስቱ ድምፅ ቅኝት



የዜማን ትምህርት ከውጭ አገር መጻሕፍት የጀመረ ተማሪ አስቀድሞ የሚያውቀው ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ የተባሉትን ሰባቱን ድምፆች ነው። ኋላም የአገሩን ዜማ በዚሁ መስፈሪያ ሲሰፍረው አምስት ብቻ ያገኝና ሁለቱ ወዴት ጠፉ ብሎ ይጨነቃል። ከዚህም የተነሣ ያልጎደለውን ሊሞላ ይደክማል፤ ሲሞላውም ዜማውን ያጠፋዋል።

ነገሩን ለመረዳት ፒያኖ ፊት መቀመጥ ይበቃል። አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ድረስ ያሉት ቁልፎች 12 ናቸው፤ ሰባቱ ነጭ፤ አምስቱ ጥቁር። ከነጮቹ ዶ ሬ ሚ ሶል ላን ብቻ የመታ ሰው ትዝታን ያገኛል። ፋና ሲ ስለ ቀሩ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች በመካከሉ የሉም፤ ስለዚህ ሕፃን እንኳ እንደ ፈቀደ ቢነካካው ጆሮን አይጎረብጥም። ይህን የመሰለ ቅኝት ግን በቻይናም በስኮትላንድም ይሰማል። እንግዲህ የድምፆቹ አምስት መሆን ብቻ የኢትዮጵያን ዜማ ከሌላው አይለየውም።

ግማሽ ድምፅ ያለባቸውን ቅኝቶች መመልከት ይገባል። ላ ሲ ዶ ሚ ፋ ቢመታ፤ ማረፊያውም ላ ቢሆን፤ ኀዘን ያዘለው ሁለተኛው ትዝታ ነው። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች አንዳች ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማረፊያቸውን ሚ ቢያደርጉት ሚ ፋ ላ ሲ ዶ ይሆናል፤ ይህም አምባሰል ነው። ቤቱ አንድ ሲሆን በሩ ተለወጠ ማለት ነው። ባቲ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ነው። አንቺሆዬ ግን በነጮቹ ብቻ አይገኝም፤ አንድ ጥቁር ቁልፍ ይፈልጋል። (የቅዱስ ያሬድን ግዕዝ፤ ዕዝልና አራራይ በእነዚህ በአራቱ ስሞች መጥራት ስሕተት ነው፤ እነርሱ የራሳቸው ምልክትና ሥርዓት አላቸው።)

አሁን ወጣቶች በአምባሰል የተዘጋጀ መዝሙር ሲዘምሩ፤ ኦርጋን መቺው እንደ ተማረው ከሥር ዶ ሚ ሶልን በአንድነት ቢያሰማ ምን ይሆናል? ሶል ለዚያ ቅኝት እንግዳ ነው። የዘማሪው ጆሮ በሚ ላይ ማረፉን ትቶ ወደ ዶ ያዘነብላል፤ ቃሉ ሳይለወጥ መዝሙሩ ሌላ ይሆናል። በዚህ ዐይነት ሲለማመዱ ያደጉ ልጆች አምባሰልን ያለ ኦርጋን ዘምሩ ቢባሉ ማረፊያውን ያጡታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ከጆሮ የጠፋ ማረፊያ በመጽሐፍ አይመለስም።

ጥፋቱ የፒያኖው ነው እንዳይባል እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ (1916–2015 ዓ.ም.) አሉ። በልጅነታቸው በስዊስ አገር የአውሮፓን ሙዚቃ ተምረው፤ በኋላም መንኩሰው፤ በኢየሩሳሌም ገዳም ሲኖሩ በፒያኖ የአገራቸውን ቅኝት ደርሰዋል።

በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ዳሩ ግን ብዙ ደርዳሪዎች የሚመቱት ስድስቱን ነው፤ የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው። ክራርም ብዙውን ጊዜ ስድስት አውታር ሲኖራት ስድስተኛዋ የአንዱን ድምፅ በከፍታ ትደግማለች። መምህሩ ልጆቹን ሲያስጠና ኦርጋኑን ለጊዜው ዘግቶ በክራር ማረፊያውን ድምፅ ብቻ ደጋግሞ ቢያሰማቸው፤ የቀሩትን አራቱን ራሳቸው ፈልገው ያገኟቸዋል።